አዲሱ ማንኮ

የእህቴ ባል ኤቫሪስቶ ቀኝ እጁን ያጣው የቅዱስ ሁዋን በዓል ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በእኛ ከተማ በሳንታ ብሪሂዳ ርችት የማይሠራ ሰው ከተገኘ ወይ መጤ ነው ወይ ቄሱ ነው። ስለዚህ ፍንዳታ ሲሰማ ማንም «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «የማን ነው?» ነው የሚባለው። ያን ቀን ጠዋት ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ድምፁ ከሜዳው ማዶ፣ ርችት የምንሠራባቸው ባሩድ ቤቶች ራቅ ራቅ ብለው ከተሠሩበት በኩል መጣ፤ ቀጥሎ ነጭ ጭስ ተነሣ። እህቴ አምፓሮ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየችኝ። ምንም ሳንባባል ሁለታችንም ሮጥን።

ኤቫሪስቶን መንገድ ላይ አገኘነው። በእግሩ እየመጣ ነበር፤ ክንዱን በሸሚዙ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል፤ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል። «በሕይወት አለሁ፣ አትጩሁ» አለን። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ይህ ሰው ማን እንደነበረ ልንገራችሁ። በበዓሉ ዋዜማ በቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ የሚቆመውን የርችት ግንብ፣ ያን ከሸምበቆና ከእንጨት የሚዋቀረውን፣ ቀለበቶቹ እየተሽከረከሩ ከታች ወደ ላይ የሚቀጣጠለውን፣ በመጨረሻም ዘውዱ ከጫፉ ተነሥቶ የሚበርበትን፣ ከእሱ የተሻለ የሚሠራ አልነበረም። ከእጁ ይልቅ ግን የሚታወቀው በአፉ ነው። ግብዣ ላይ ብድግ ብሎ ሲናገር ሰው ሹካውን አስቀምጦ ይሰማዋል። የከተማችን ግማሽ ሰው የሚጠራበትን ቅጽል ስም ያወጣው እሱ ነው። ቀጭኑን የደወል ደዋይ «ሻማ» አለው፤ እስከ ዛሬ ሻማ ነው። እኔን «ሬድዮ» ብሎኛል፤ ለምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። አንድ ጊዜ ከአፉ የወጣ ስም አይፋቅም።

ካሲሚሮን ማንኮ ያለውም እሱ ነው።

ማንኮ እጁ የጎደለ ሰው ማለት ነው፤ ሴት ስትሆን ማንካ። በወጣትነታቸው ኤቫሪስቶና ካሲሚሮ የማይለያዩ ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ ክረምት የካሲሚሮን ግራ እጅ ባሩድ ወሰደው። ከሆስፒታል የወጣ ቀን እናቱ ቤት ተሰብስበን ነበር፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ምን እንደሚል ጨንቆት ተቀምጧል። ኤቫሪስቶ ዘግይቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቢራውን ከፍ አድርጎ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ማንኮ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካሲሚሮም ሳቀ። ጭንቀቱ ስለለቀቀን ኤቫሪስቶን አመሰገንነው።

ከዚያ ወዲህ ካሲሚሮ የሚለው ስም ጠፋ። ሚስቱ «የማንኮው ሚስት» ሆነች፤ የቤቱ ማዕዘን «ማንኮው ጋ» ተባለ፤ አውቶቡስ ላይ እንኳ «ማንኮው ጋ ወራጅ አለ» ነው የሚባለው። ልጁ ሊዮካዲያ፣ ሁለት የተሟሉ እጆች ይዛ የተወለደችው፣ ትምህርት ቤት «ማንኪታ» ተብላ አደገች። ትንሿ ማንካ። ክፋት የለውም እንል ነበር። ደግሞም ቃሉ ለእጅ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው፤ እንደ ጨው በየወጡ የምንጨምረው ነው። ገበታ ላይ ተቀምጦ «አቀብሉኝ» የሚል ሰነፍ ሲኖር «ማንኮ ነህ እንዴ?» ይባላል። ልጆቹ በስልካቸው ሲጫወቱ አላወቀበትም ያሉትን «ማንኮ!» ብለው ይጮኹበታል። የጎደለው ሥራ ማንኮ ነው። ባለሙያ ሲመሰገን ደግሞ «እሱማ ማንኮ አይደለም» ይባላል። ይህን ሁሉ ስንል ካሲሚሮ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማል።

ወደ ኤቫሪስቶ ልመለስ። ሐኪሞቹ እጁን ከአንጓው በላይ ቆረጡት። ወደ ቤት ሊመለስ ሲል አምፓሮ ሁላችንንም ወጥ ቤት ሰበሰበችን።

«ያ ቃል በዚህ ቤት እንዳይሰማ» አለች። «ማንም ይሁን። ሬድዮ፣ በተለይ አንቺ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ገና አላልሽም።»

የመጀመሪያው እሑድ ምሳ ላይ ሁላችንም ምላሳችንን ጠብቀን ተቀመጥን። ኤቫሪስቶ በግራ እጁ ማንኪያ ይዞ ሾርባውን ይታገላል፤ እኛ እንዳላየን እንሆናለን። ልጁ ኤርሚኒያ ከአጎቷ ልጅ ጋር ስለ አንድ ነገር እየተሳሳቀች ነበር። ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ከአባቷ ሥር ባሩድ ቤት ያደገች፣ ቀልዱንም ሙያውንም የወረሰች ልጅ ናት። የቶርቲያው፣ የበቆሎ ቂጣው መሶብ ከአባቷ ክርን አጠገብ ነበር።

«ኤርሚኒያ፣ እስቲ ቶርቲያ አቀብዪኝ» አላት።

ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ዞር ሳትል፣ «ማንኮ ነህ እንዴ አባዬ?» አለችው።

በእሱ ድምፅ ነው ያለችው። ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያው ገበታ ላይ ሲላት የኖረውን፣ በዚያው የማሾፍ ዜማ። ከዚያ የራሷን ቃል ሰማችው መሰለኝ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አምፓሮ ዓይኗን ጨፈነች። ኤቫሪስቶ ማንኪያውን ቀስ ብሎ ከሳህኑ ጎን አስቀመጠ።

«ልክ ነሽ» አላት። «ነኝ።»

ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ፤ በሩን እንኳ አላጋጨውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን አላናገራትም። ስትገባ ይወጣል፤ «እንዴት አደርክ» ስትለው ግድግዳ ያያል። ኤርሚኒያ እኔ ቤት መጥታ አልጋዬ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

«አክስቴ፣ ምላሴ ይቆረጥ!»

«ተይ እንግዲህ፣ አንድ የተቆረጠ ይበቃናል» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ተያየን፤ እያለቀሰች ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም አፈርን።

ከቤት ውጭ ያለውን አፍ ግን አምፓሮ እንዴት ትዘጋዋለች? አንድ ጠዋት አብረን ቶርቲያ ልንገዛ ተሰልፈናል። ፊታችን ያለችው ዶኛ ኤውሴቢያ ለሻጯ ወሬ ታቀብላለች።

«ማንኮው እኮ አሁንም ከቤት አይወጣም አሉ።»

«የትኛው ማንኮ?» አለች ሻጯ ቶርቲያውን እየመዘነች። «አሮጌው ነው አዲሱ?»

«አዲሱ።»

«እህ፣ አዲሱ።»

እንዲህ በቀላሉ ነው ስሙ የወጣው። ክፋት የለም፤ ሁለት ሰው አንድ ስም ሲኖረው መለየት ያስፈልጋል፣ በቃ። አምፓሮ መሶቧን አንሥታ ከሰልፉ ወጣች። ተከትዬ ስደርስባት «ቤት ሄደሽ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እህቴ አይደለሽም» አለችኝ። አልተነፈስኩም። ግን ኤቫሪስቶ ጆሮ አለው፤ ቤቱም ከመንገዱ ዳር ነው።

በዚያው ሰሞን ካሲሚሮ መጣ። እኔ በእነ አምፓሮ ግቢ ገንዳ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ኤቫሪስቶ ዛፉ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉማጅ ክንዱን በፎጣ ሸፍኗል። ካሲሚሮ ኮፍያውን አላወለቀም፤ የግራ እጅጌው እንደ ሁልጊዜው ታጥፎ በመርፌ ተይዟል። ከፊቱ ቆመ።

«ልትስቅ ነው የመጣኸው?» አለው ኤቫሪስቶ።

«አይደለም።»

«ምርኩዝ ልትሆነኝ ነው? ጫማ በአንድ እጅ እንዴት እንደሚታሰር ልታስተምረኝ ነው? እንደ አባት ልትመክረኝ?»

«ጫማውን ሚስትህ ታስርልሃለች። እኔም መጀመሪያ ሚስቴ ነበረች የምታስርልኝ።»

«ታዲያ ምን ፈለግህ፣ ማን...» አለና ቆመ። ልማድ ነው። 

ካሲሚሮ ጠበቀው። «ጨርሰው» አለ። ቀጥሎ «ስሜን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለው።

«ምን?»

«ስሜን። አንተ ነህ የወሰድከው። ያን ቀን እናቴ ቤት፣ በር ላይ ቆመህ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ብቻዋን ካሲሚሮ ትለኝ ነበር፤ እሷ ከሞተች በኋላ የሚለኝ የለም። አሁን ለአንተም ሰጥተውሃል። እንግዲህ የራስህን ውሰድና የእኔን መልስልኝ።»

«ስም ጃኬት ነው እንዴ አውልቄ የምሰጥህ?»

«ስታለብሰኝ ጃኬት ነበር።»

ኤቫሪስቶ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ። «እኔ ራሴ እዚህ ተቀምጬ ስበሰብስ፣ ማን ይሰማኛል ብለህ ነው? ሂድ ከቤቴ። ሂድ፣ አሮጌው ማንኮ! አገሩ የሚልህ እንደዚያ ነው።»

ካሲሚሮ አልተቆጣም። ወደ በሩ ሄደና ዞር አለ። «ሊዮካዲያ ባለፈው ዓመት አግብታ ኬሬታሮ ሄደች» አለ። «ለምን ሩቅ ሄድሽ ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'እዚያ ማንኪታ የሚለኝ የለም' አለችኝ። ልጄን ያየሁት ለፋሲካ ነው። ይህን ብቻ እወቅ።»

ካሲሚሮ ሄደ። እኔም ያንኑ አንሶላ ደግሜ ደጋግሜ አጠብኩት። በመጨረሻ ኤቫሪስቶ ጠራኝ።

«ሬድዮ፣ ያን ቀን ካሲሚሮ ሳቀ ወይስ አልሳቀም?»

«ሳቀ።»

«ከአንጀቱ?»

«እኔ አንጀቱን በምን አየዋለሁ? ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣ። ቆየ። እናቱ ናት ሄዳ ያመጣችው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ» አልኩት።

በዓሉ እየቀረበ ሲመጣ የግንቡ ነገር ተነሣ። የበዓሉ ማኅበር አለቃ ዶን አቡንዲዮ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ደግ፣ ነገር የሚያከብዱ ሰው። አንድ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሳሎን ተቀመጡ። ኤቫሪስቶ ከመኝታ ቤቱ አልወጣም፤ አምፓሮ «ተኝቷል» አለች፤ ሁላችንም እንዳልተኛ እናውቃለን።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ዶን አቡንዲዮ ለኤርሚኒያ፣ «ግንቡን ዘንድሮ ለሌላ ቤት ብንሰጠው ምን ይመስልሻል? ቅር እንዳይልሽ። ያለ አባትሽ የተሠራ ግንብ... እንዴት ልበልሽ... ማንኮ ነው የሚሆነው።» ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጡት። «ማለቴ፣ ጎዶሎ! ጎዶሎ ማለቴ ነው!» እያሉ ኮፍያቸውን በእጃቸው ላይ ያሽከረክራሉ።

ኤርሚኒያ ቀጥ ብላ ቆመች። «ዶን አቡንዲዮ፣ ባለፈው ዓመት ግንብ ላይ ሦስቱን ቀለበቶች ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። የካቻምናውን ዘውድም እኔ ነኝ የሠራሁት። ግንቡ የአባቴ ነው፣ ይቀጥላል። እኔ ማንካ አይደለሁም!»

በእኛ አነጋገር ይህ ሌላ ትርጉም የለውም፤ «ሙያ አለኝ፣ አታንሱኝ» ማለት ነው። አያቶቻችንም ያሉት ነው። ግን የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ኤቫሪስቶ ባዶ እግሩን ቆሟል።

«አዎ፣ አንቺ ማንካ አይደለሽም» አለ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ለልጁ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው። «አባትሽ ነው ማንኮው። ጉማጁ ላይ ቆመሽ ከፍ በይ፤ ከዚያ ሆነሽ በደንብ ትታያለሽ።»

ዶን አቡንዲዮ «አበልጄ፣ እንዲህ አይባልም...» ብለው ጀመሩ፤ ኤርሚኒያ ግን አላስጨረሰቻቸውም። ለሳምንታት የታመቀው ፈነዳ።

«ሌላ ምን ቃል አስተማርከን? ንገረኝ! በዚህ ቤት 'ማንኮ ነሽ እንዴ' እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ቋጠሮ ሲጠፋኝ ማንካ፣ ብርጭቆ ሲወድቅብኝ ማንካ። ሊዮካዲያን ማንኪታ ብዬ አስለቅሻታለሁ፤ መምህሯ ስትጠራህ መጥተህ ምን አደረግህ? ሳቅህ! አሁን አንተን ሲነካህ ነው ቃሉ የከፋው?»

አምፓሮ «ኤርሚኒያ!» አለች፤ ግን ድምፅ አልነበረውም።  ያ አፍ፣ አገር የሚያስቀው አፍ፣ ተከፍቶ ተዘጋ። ኤቫሪስቶ ተመልሶ ገባ። ዶን አቡንዲዮ ሲወጡ በሩ ላይ ለኤርሚኒያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ግንቡን ሥሪው» አሏት።

ሠራችው። ከአጎቷ ልጆች ጋር ቀኑን ሙሉ ሸምበቆ ስትሰነጥቅ፣ የባሩድ ክር ስታስር ዋለች። አባቷ ወደ ባሩድ ቤቱ ዝር አላለም። ሁላችንም ሀፍረት ነው አልን።

በበዓሉ ዋዜማ ቀትር ላይ የማኅበሩ ምሳ ይበላል፤ በሞሌ፣ በቃሪያና በቅመም ወጥ የተሠራ ተርኪ ዶሮ፣ ሩዝ፣ ፑልኬ የምንለው ጠላችን። በየዓመቱ የሚናገረው ኤቫሪስቶ ነበር። ዘንድሮ ይመጣል ብሎ የጠበቀ የለም። ሸሚዙን ለመቆለፍ ከራሱ ጋር ሲታገል አርፍዶ፣ አንድ ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ መጣ። አምፓሮ ልታስተካክልለት እጇን ዘረጋች፤ ፈቀቅ አለ። ካሲሚሮ ከጠረጴዛው ማዶ ነበር።

ምሳው ሲጋመስ፣ ፑልኬው ሲሠራ፣ ሌአንድሮ የሚባለው ወጣት ቀልደኛ ተነሣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ የኤቫሪስቶን ቦታ ለመያዝ አፉን የሚስል ዓይነት።

«ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ማኅበራችን ወጪ ቀንሷል!» አለ። «ለክረምት ጓንት ስንገዛ አንድ ጥንድ ይበቃናል፤ ቀኙን ለአሮጌው ማንኮ፣ ግራውን ለአዲሱ ማንኮ!»

ሳቁ ተጀመረ፤ ከዚያ ሰው ኤቫሪስቶን አየና ሳቁ እየቀጠነ ጠፋ። እሱ ተነሥቶ ነበር። የሚማታ መሰለኝ። አምፓሮ ቀሚሴን ይዛ ጨበጠች።

«ሌአንድሮ» አለ፣ «ያ ሰው ማን ይባላል?» በግራ እጁ ወደ ካሲሚሮ አመለከተ።

«ማንኮ ነዋ» አለ ልጁ እየተደናገረ። «አሮጌው።»

«እናቱ ያወጣችለትን ነው የምጠይቅህ።»

ሌአንድሮ ወደ ካሲሚሮ አየ፤ ወደ ጓደኞቹ አየ። ፊቱ ቀላ። አያውቀውም። የሰውየውን ደጅ እየረገጠ አድጓል፤ ስሙን አያውቀውም። ከጎኑ ያሉት ወጣቶችም አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ነው የነገሩ ክብደት የታወቀኝ።

«ካሲሚሮ ሮሳስ ይባላል» አለ ኤቫሪስቶ። ድምፁ የለመድነው የግብዣ ድምፅ አልነበረም። «ሁላችሁንም ላስቅ ብዬ ስሙን የሰረቅሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ነበር። በእሱ በተቆረጠ እጅ ነው የሳቃችሁልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ካሲሚሮ በሉት። ለልጁም የተለጠፈው እንደዚሁ ይነሣ። ማንኮ ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ፤ ለአንድ ከተማ አንድ ይበቃል።»

ማንም አላጨበጨበም። ምን ይደረጋል? ዶን አቡንዲዮ ተጨንቀው ፑልኬ ቀዱለት። ካሲሚሮ ሳህኑ ላይ የቀረውን ሞሌ በቶርቲያ ጠርጎ በላ፤ አፉን ጠረገ፤ ኮፍያውን አደረገና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ኤቫሪስቶ እስኪያልፍ ድረስ ቆሞ ጠበቀው። ካሲሚሮ ቀና ብሎ አላየውም።

ያን ምሽት ግንቡ ተለኮሰ። ኤርሚኒያ አስጀመረችው፤ የመጀመሪያው ቀለበት ዞረ፣ ሁለተኛው ዞረ፣ አደባባዩ በአረንጓዴና በቀይ ታጠበ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እሳቱ ሄደ ሄደና በግማሽ ቆመ፤ ግማሹ ቀለበት ጨለማ ሆኖ ቀረ። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ማንኮ ወጣ!» ብሎ ጮኸ። ኤርሚኒያ ሰማች፤ ከንፈሯን ነክሳ በችቦዋ የላይኛውን ክር ለኮሰችው። ዘውዱ እየተሽከረከረ ተነሥቶ ከደወሉ ማማ በላይ ወጣ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ግን ኤቫሪስቶን ፍለጋ ዞር ስል ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። አምፓሮ ይዛዋለች። ፍንዳታው በተሰማ ቁጥር ትከሻው ይዘላል፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ለልጁ ተጨንቆ ነው አልኩ።

የካሲሚሮ ነገር እንዲህ ሆነ፤ ምሳው ላይ የነበሩት ለመልመድ ሞከሩ። «ማን... ዶን ካሲሚሮ» እያሉ ይንተባተባሉ። ሌሎቹ እንደ ድሮው ናቸው፤ አውቶቡሱም አሁንም «ማንኮው ጋ» ይቆማል። ሁለቱ ሰዎች አልታረቁም፤ ቤት ለቤት አይጠያየቁም። ግን መንገድ ላይ ሲተላለፉ ካሲሚሮ ኮፍያውን ነካ አድርጎ «ደህና ዋልክ፣ ኤቫሪስቶ» ይለዋል። ከቤተሰቡ ውጭ በዚህ ከተማ ኤቫሪስቶ ብሎ የሚጠራው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ማንኮ ነው የሚለው፤ እንዲሉት የፈቀደው ራሱ ስለሆነ አይቆጣም፤ እጁን አንሥቶ ሰላም ይላል።

ከበዓሉ በኋላ በአንዱ ሳምንት ለኤርሚኒያ ምሳዋን ላደርስ ስወጣ ኤቫሪስቶ «ልምጣ?» አለኝ። ተገረምኩ። ሜዳውን አብረን አቋረጥን። አዲስ ባሩድ ቤት ተሠርቷል፤ አሮጌው የነበረበት ቦታ ጥቁር መሬት ብቻ ነው። ከበሩ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ፊቱ በላብ ተጠምቋል፤ ፀሐዩ ግን ያን ያህል አልነበረም።

«ግባ አባዬ» አለችው ኤርሚኒያ ከውስጥ። ከዚያ ግጭት ወዲህ የሚነጋገሩት አጭር አጭር ነበር።

«አልገባም።»

«አሁንም ተቀይመኸኛል?»

«አይደለም።» በጉማጁ ግንባሩን ጠረገ፤ እጅ ያለው መስሎት ነው አሁንም። «እናትሽ ሀፍረት ነው ትላለች፤ ሰዉም ያንኑ ይላል። እኔም ዝም አልኩ፤ ሀፍረት ይሻላል ብዬ። ቃሉንማ ለምጄዋለሁ፣ ልጄ። ያቃተኝ ሽታው ነው። ባሩድ ሲሸተኝ እግሬ አይታዘዝልኝም። ያን ምሽት ግንብሽን አላየሁትም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ዘውዱ እንኳ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።»

ኤርሚኒያ የያዘችውን ክር አስቀምጣ ወጣች። እጆቿ በባሩድ ጠቁረው ነበር፤ ልትነካው ፈልጋ ሽታውን አስባ መሰለኝ ከኋላዋ ደበቀቻቸው።

«እኔም እፈራለሁ» አለችው። «ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ። በሩን ስከፍት።»

«ታዲያ ለምን ትገቢያለሽ?»

«ምን ሌላ እናውቃለን አባዬ?»

እሱ ከበሩ ራቅ ብሎ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ምሳውን ዘረጋሁ፤ ሦስታችንም በላን። በግራ እጁ እየበላ ባቄላው ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል፤ ኤርሚኒያ አልጠረገችለትም፤ እኔም አልጠረግሁለትም። ስለ ሸምበቆው ጥራት ትንሽ ተጨቃጨቁ። ጨርሳ ልትገባ ስትነሣ «በሩን ክፍት ተዪው» አላት።

ክፍት ተወችው። እኔ ሳህኖቹን ሰብስቤ ስመለስ እሱ አልተነሣም ነበር፤ ወደ ውስጥ እያየ ተቀምጧል።